የለመደ አፍንጫ

ቡና በሚቆላበት ቤት ከተቀመጡት ይልቅ በደጅ የሚያልፈው መንገደኛ ሽታው አብልጦ ይሰማዋል። ከውስጥ ያሉት ጉንፋን ይዟቸው አይደለም፤ አፍንጫቸው ለምዶ ነው። አንድ ሽታ ሳይለወጥ ጥቂት ደቂቃ ከቆየ አፍንጫ ውስጥ ያሉት ተቀባይ ሴሎች ምላሻቸውን ይቀንሳሉ፤ አንጎልም ነገሬ ማለቱን ይተዋል። ሰው የገዛ ቤቱን ሽታ የማያውቀው በዚህ ምክንያት ነው። ሽቶ የሚያበዛ ሰው ማብዛቱ የማይታወቀውም እንዲሁ። ሊፍት ውስጥ አብረነው የገባን ግን እናውቃለን።

ልማዱ የአፍንጫ ብቻ አይደለም። ጠዋት ያሰርነው ሰዓት ረፋድ ላይ ክንዳችን ላይ መኖሩ ይረሳል። የፍሪጅ ድምፅ ልብ የሚባለው መብራት ጠፍቶ ዝም ሲል ነው። ዓይን እንኳ አንድ ነጥብ ላይ ፈጽሞ ሳይንቀሳቀስ ቢተከል የሚያየው ነገር እየደበዘዘ ይጠፋበት ነበር፤ የማይጠፋው እኛ ሳናውቀው ሁልጊዜ ጥቃቅን እንቅስቃሴ ስለሚያደርግ ነው። የስሜት ሕዋሳት ዋና ሥራቸው የተለወጠውን መናገር ነው፤ ባለበት ያለውን ችላ ይሉታል። ጫካ ውስጥ ለሚኖር ፍጡር ይህ ትልቅ ጥቅም አለው። ቅጠሉ ሲነቃነቅ ማየት ነፍሱን ያድነዋል፤ ቅጠሉ አረንጓዴ መሆኑን ሲያደንቅ መዋል ግን አያድነውም።

ከዚህ ተነሥቼ የምለው አንድ ነገር ነው። ራስን ስለመንከባከብ የሚሰጠው ምክር አብዛኛው «ጨምሩ» የሚል ነው፦ ሽታ ያለው ሻማ፣ የገላ ዘይት፣ ለስላሳ ፎጣ፣ ለእንቅልፍ የሚሆን ሙዚቃ። ሁሉም ለሰሞኑ ይሠራል። ወር ሳይሞላ ሻማው ይነድዳል እንጂ የሚያሸተው የለም፤ ከዚያ ሌላ ዓይነት ሻማ ይገዛል። ነጋዴው በዚህ አይከፋም። የስሜት ሕዋሳታችን ግን ደስታቸውን የሚያገኙት ከሚመጣና ከሚሄድ ነገር ነው፤ ከመጠበቅ፣ ከማቋረጥ፣ ከተራ። ይህን የሚያውቁ ሥርዓቶች ደግሞ ላቦራቶሪ ሳይኖር ተሠርተው በየቤቱ አሉ።

የቡናውን እንውሰድ። የታጠበው ፍሬ ምጣድ ላይ ሲወርድ መጀመሪያ የሚሸተው እርጥብ ሣር ነው። ቢጫ እየሆነ ሲሄድ ሽታው ወደ ትኩስ ዳቦ ይጠጋል። ከዚያ ይንጣጣል፤ ፍሬው ውስጥ የታመቀው እንፋሎትና ጋዝ ሲፈነዳ ነው። ዘይቱ ወጥቶ ፍሬው ሲያብረቀርቅ ጢሱ ይወፍራል፤ ያን ጊዜ የምትቆላዋ ምጣዱን አንሥታ ታዞራለች፤ ሁሉም ጢሱን በእጁ ወደ ፊቱ እየሳበ ያሸታል፤ ይመርቃል። በዚያች አጭር ጊዜ እሳቱ ከፍሬው ስኳርና ፕሮቲን ከ800 በላይ የሚተኑ ውህዶችን ይፈጥራል፤ ምጣዱ የሚዞረው ሽታው ጫፍ ላይ በደረሰበት ሰዓት ነው። ምጣዱ ይመለሳል። ሙቀጫው ሲወቀጥ ሌላ ሽታ ይመጣል፤ ጀበናው ሲንተከተክ ሌላ፤ ዕጣኑ ፍም ላይ ሲጣል ሌላ። አቦሉ ወፍራም ነው፤ ቶናው ይቀጥናል፤ በረካው ከሱም ይሳሳል። በየመካከሉ ወሬ አለ፤ ፈንዲሻ አለ። አፍንጫ አንዱን ሊለምድ ሲል ሌላው ይደርሳል። የሥርዓቱ ርዝመት የሚያሰለቸው ሰው ካለ ደስታው ያለው ርዝመቱ ላይ መሆኑን ልንገረው፤ ማሽን የሚያወጣው ቡና ጣዕሙ ግሩም ሊሆን ይችላል፤ ግን ገና ሳይሸት ያልቃል።

«ቡና ሲሸት ያለውን ያህል ሲጠጣ አይገኝም» የሚሉ ሰዎችም ተሳስተዋል አልልም። አንድን ሽታ በሁለት መንገድ እናገኘዋለን፤ ከውጭ በአፍንጫ ቀዳዳ፣ ከውስጥ ደግሞ ስንውጥ በጉሮሮ በኩል ወደ ላይ። አንጎል ሁለቱን እኩል አያስተናግዳቸውም፤ በጉሮሮ የመጣውን ከምላስ ጣዕም ጋር ቀላቅሎ «ቀመስኩ» ይለናል። ጉንፋን የያዘው ሰው ወጡ ጣዕም አጣ የሚለው ለዚህ ነው። ምላሱ ደህና ነው፤ የጠፋው ሽታው ነው።

ሽታ ከሌሎቹ የስሜት ሕዋሳት የሚለይበትም አለ። ዓይንና ጆሮ የሚልኩት መልእክት መጀመሪያ አንጎል መሐል ባለው ታላመስ በሚባል ክፍል ያልፋል። የሽታ መልእክት ግን እዚያ ሳይቆም ስሜትንና ትዝታን ከሚመለከቱት ክፍሎች፣ ከአሚግዳላና ከሂፖካምፐስ ዘንድ በአጭር መንገድ ይደርሳል። ሊንዳ በክና ሪቻርድ አክሰል እ.ኤ.አ. በ1991 የሽታ ተቀባዮችን የሚሠሩ ጂኖችን አግኝተው አሳተሙ፤ በ2004 የኖቤል ሽልማት አገኙበት። የሰው አፍንጫ ወደ 400 የሚጠጉ የተቀባይ ዓይነቶች አሉት፤ አንድ መዓዛ ብዙዎቹን በአንድ ጊዜ ይነካል፤ አንጎል ጥምረቱን ይመዘግባል። ደረቅ መሬት ላይ የመጀመሪያው ዝናብ ሲያርፍ የሚነሣው ሽታ በከፊል አፈር ውስጥ ካሉ ባክቴሪያዎች የሚወጣ ጂኦስሚን የተባለ ውህድ ነው። አፍንጫችን ለሱ የተለየ ስል ነው፤ አየር ውስጥ ያለው መጠን ከትሪሊዮን እጅ ጥቂት ቢሆን እንኳ ያውቀዋል። በኮሰረትና በኮረሪማ ቅቤ ሲነጠር የእናቱ ቤት የሚታወሰው ሰውም ትዝታውን ፈልጎ አላወጣውም፤ ሽታው ይዞለት መጣ እንጂ።

አፍንጫን ማሠልጠን እንደሚቻል ብዙ ሰው የሰማው በኮሮና ዘመን፣ ሽታ የጠፋባቸው ሰዎች ሲበዙ ነው። ዘዴው ግን ቀደም ብሎ ነበር። ጀርመን አገር ድሬስደን ውስጥ ቶማስ ሁመልና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2009 ባሳተሙት ጥናት ሽታ የቀነሰባቸው ሰዎች ጠዋትና ማታ አራት መዓዛዎችን ለ12 ሳምንት እንዲያሸቱ አደረጉ፦ ጽጌረዳ፣ ባሕር ዛፍ፣ ሎሚና ቅርንፉድ። ከሠለጠኑት መካከል የተሻላቸው ካልሠለጠኑት ይበልጡ ነበር። ከአራቱ ሦስቱ ለእኛ ሩቅ አይደሉም፤ ባሕር ዛፉ እንጦጦ ላይ ሞልቷል፤ ሎሚውና ቅርንፉዱ ጓዳ ውስጥ ናቸው። ጤነኛ አፍንጫ ያለውም ሰው ሻይ ውስጥ ከመጨመሩ በፊት ቅርንፉዱን በጣቱ ሰብሮ ቢያሸትተው የሚከስረው ነገር የለም።

ዕጣን ያረጋጋል ሲባል የምንሰማውም መነሻ አለው። እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመ ጥናት ኢንሴንሶል አሴቴት የተባለውን የዕጣን ውህድ አይጦች ላይ ሞክሮ ፍርሃታቸው መቀነሱን አሳይቷል። ውህዱ በሰሜንና በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ ከሚበቅለው የዕጣን ዛፍ ሙጫ በብዛት ይገኛል። ነገር ግን የተሞከረው አይጥ ላይ ነው፤ የተሰጠውም በመርፌ እንጂ በጢስ አይደለም። ጢስ ጢስ ነው፤ አስም ያለበት ሰው ባለበት ቤት ዕጣን ማብዛት መንከባከብ አይባልም።

ስለ ጢስ ካነሣን አይቀር ሁለት ነገር ልጨምር። አንደኛው ስለምታፈላዋ ነው። የቡናው ውበት የሚነገረው ሁልጊዜ ከተቀማጩ ወገን ነው። ከፍሙ ሥር ዓይኗ የሚያለቅሰው፣ አፍንጫዋ ቀድሞ የደነዘዘው፣ ስኒ እያጠበች ወሬው የሚያመልጣት እሷ ናት። ራስን መንከባከብ የሚባለው ነገር ለሌላው ድካም ከሆነ ስሙን ቢቀይር ይሻላል። አንዳንድ ቀን እሷ ከደጅ ገብታ እንድትቀበል ሌላው ይቁላ፤ ሽታው ያኔ ለሷም ይደርሳታል። ሁለተኛው የሞት ጉዳይ ነው። ከሰል ተዘግቶ በታፈነ ቤት ሲነድ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም ጣዕምም የለውም፤ ዓይንም አያቃጥልም። አምስቱም የስሜት ሕዋሳት ተሰብስበው ሊያውቁት አይችሉም። ፍም ያለበት ቤት መስኮቱ ይከፈት፤ ማታም ፍሙ ውጭ ይደር። ዋሽንግተን ወይም ለንደን አፓርታማ ውስጥ ቡና የሚቆሉ ወገኖቻችን መስኮት የሚከፍቱት የጢስ ማስጠንቀቂያው እንዳይጮህ ብለው ነው፤ ምክንያቱ ሌላ ቢሆንም መስኮቱ መከፈቱ ደግ ነው።

ወደ ምላስ ስንመጣ ትምህርት ቤት የተማርነውን የምላስ ካርታ መተው አለብን። ጣፋጭ ከጫፍ፣ መራራ ከኋላ የሚለው ሥዕል እ.ኤ.አ. በ1901 የታተመ አንድ የጀርመን ጥናት ተጣሞ ሲነበብ የተወለደ ነው። የምላስ ጣዕም ቀማሾች ባሉበት ሁሉ አምስቱንም ጣዕሞች ይለያሉ፤ አምስተኛው ጃፓናዊው ኪኩናኤ ኢኬዳ እ.ኤ.አ. በ1908 ኡማሚ ብሎ የሰየመው፣ የሥጋ መረቅና የበሰለ ቲማቲም ያላቸው ጣዕም ነው።

ምላስም ይለምዳል። ማርም ሲበዛ ይመራል ይባላል። ጆርዲ ኩዋድባክና ኤሊዛቤት ደን እ.ኤ.አ. በ2013 ባሳተሙት ጥናት ሰዎች ቸኮሌት ከቀመሱ በኋላ በሦስት ተከፈሉ። አንዱ ወገን ለሳምንት ቸኮሌት እንዳይነካ ተነገረው፤ ሌላው እንደልቡ እንዲበላ ብዙ ተሰጠው፤ ሦስተኛው ምንም አልተባለም። ከሳምንት በኋላ ተመልሰው ሲቀምሱ በጣዕሙ አብልጠው የተደሰቱት የታቀቡት ናቸው። ኢትዮጵያ ውስጥ ይህን ለማወቅ ጥናት የሚያስፈልገው ሰው ብዙ አይመስለኝም። የ55 ቀን ሑዳዴ የጾመ ሰው የትንሣኤ ሌሊት ከቅዳሴ ተመልሶ የመጀመሪያውን የዶሮ ወጥ ጉርሻ ሲጎርስ፣ ወይም በረመዳን ማግሪብ ላይ ተምሩ አፍ ውስጥ ሲገባ ያለውን ነገር የሚያክል ጣዕም ምግብ ቤት አይሸጥም። ጾም ለምላስ ተብሎ አልተሠራም፤ ለነፍስ ነው፤ እንዲያ ሆኖ መቆየቱም ነው የሚያስከብረው። ለምላስ የሚሠራውን ግን ሳይታሰብ ይሠራል። ጾም የሌለበት ሰውም ከዚህ የሚወስደው አለ፦ የሚወዱትን ነገር በየቀኑ አለመብላት። ዓርብ ዓርብ ብቻ የሚጠጣ ማኪያቶ በየሁለት ሰዓቱ ከሚጠጣው ይበልጣል፤ ወጪውም ያንሳል።

በርበሬስ? በርበሬ ጣዕም አይደለም። ሚጥሚጣ ውስጥ ያለው ካፕሳይሲን ምላስ ላይ የሚነካው ከ43 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ያለ ሙቀት ሲያገኝ የሚከፈተውን የነርቭ በር ነው። ዴቪድ ጁሊየስ ይህን በር ለማግኘት የተጠቀመው ራሱ ካፕሳይሲንን ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2021 የኖቤል ሽልማትን ስለ ንክኪ ካጠናው ከአርደም ፓታፑቲያን ጋር ተካፈለ። እንግዲህ ሚጥሚጣ የሚያቃጥል የሚመስለን አንጎላችን በእርግጥ «ተቃጠልኩ» የሚል መልእክት ስለሚደርሰው ነው፤ የተቃጠለ ነገር ግን የለም። ቃሪያ የከተፈ እጅ ዓይን ሲነካ የሚያስለቅሰውም ያው በር እዚያም ስላለ ነው። ካፕሳይሲን የሚሟሟው በቅባት ስለሆነ ውኃ ብንጠጣ አይወጣልንም፤ አይብ ወይም እርጎ ግን ይወስደዋል። ክትፎ ከአይብ ጋር መቅረቡን የጀመረው ሰው ኬሚስትሪ አልተማረም፤ ግን ገብቶታል። የሚያቃጥለውን ደጋግሞ የሚበላ ሰው ያ በር እየደነዘዘበት ስለሚሄድ ሚጥሚጣውን እየጨመረ ይሄዳል፤ ለእንግዳ ሲያቀርብ ግን ይህን ቢያስታውስ ጥሩ ነው።

ንክኪ ከአምስቱ የስሜት ሕዋሳት ሁሉ የተረሳው ነው ብዬ አስባለሁ። ፀጉር ባለው ቆዳችን ውስጥ፣ ክንድ ላይ፣ ጀርባ ላይ፣ ራስ ቅል ላይ፣ ሲ-ታክታይል የሚባሉ ቀጫጭን ነርቮች አሉ። ለፈጣን ንክኪ ብዙም ደንታ የላቸውም፤ ዝም ብሎ ለተቀመጠ እጅም እንዲሁ። የሚነቁት አንድ ነገር በሰከንድ ከ1 እስከ 10 ሴንቲሜትር በሆነ ፍጥነት በቀስታ ሲያልፍባቸው ነው፤ ያውም የሰው እጅ ሙቀት ሲኖረው ይበልጥ። ስዊድናዊው ሆካን ኦላውሶንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2002 ያጠኗት ሴት ንክኪን በትክክል የሚናገሩት ወፋፍራም ነርቮቿ ሞተውባት ቀጫጭኖቹ ብቻ ቀርተውላት ነበር። ቀስ ብሎ ክንዷን የሚዳብስ ብሩሽ የት እንደነካት መለየት ይቸግራታል፤ ነገር ግን ደስ የሚል ነገር እንደነካት ትናገር ነበር። ይህ ፍጥነት ለእኛ እንግዳ አይደለም። እናት ልጇን ስታስተኛ ግንባሩን የምትዳብስበት ነው። አያት ቅቤ ይዛ የልጅ ልጇን ፀጉር የምታሸው፣ ሹሩባ ሠሪዋ ከመጀመሯ በፊት ፀጉሩን በጣቷ የምትከፋፍለው በዚያው ፍጥነት ነው። የእጅ ስልክ ስክሪን የምናንሸራትተው ከዚያ እጅግ ፈጥኖ ነው፤ መስተዋቱም መልሶ አይዳብሰንም።

ሙቀትም እንደዚሁ ከመጠኑ ይልቅ ልዩነቱን ይነግረናል። ፈረንሳያዊው ሚሼል ካባናክ እ.ኤ.አ. በ1971 ያሳተመው ሐሳብ ይህን ያብራራል፦ አንድ ዓይነት ሙቅ ውኃ ሰውነቱ ለቀዘቀዘ ሰው ደስታ ነው፤ ሰውነቱ ለጋለ ሰው ግን ጭንቀት። ደስታው ያለው ውኃው ውስጥ ሳይሆን ውኃው ለሰውነታችን በሚያሟላው ጉድለት ላይ ነው። የአዲስ አበባም ታሪክ ከዚህ አይርቅም። እቴጌ ጣይቱ ከብርዳማው እንጦጦ ወርደው ፍልውኃ አካባቢ ቤት ባሠሩበት ጊዜ፣ በ1879 ዓ.ም.፣ ከተማዋ ተቆረቆረች። ከተራራ ብርድ ወደ ፍልውኃ የወረደ ሰው ያገኘውን ደስታ ቀኑን ሙሉ በሞቀ ክፍል ተቀምጦ ሙቅ ሻወር የሚገባ ሰው አያገኘውም። ስለዚህ በብርድ ወጥቶ በእግር ሄዶ መመለስ የመታጠቡ ግማሽ ነው።

ጆሮ ሲለምድ ነገሩ ከአፍንጫ ይከፋል፤ ለምዶ ሳያውቀው ይጎዳልና። በእያንዳንዱ ጆሮ ውስጥ ወደ 15,000 የሚጠጉ ድምፅን ወደ ነርቭ መልእክት የሚለውጡ ሴሎች አሉ፤ ከሞቱ ሰው ላይ ተመልሰው አይበቅሉም። የሱቅ ድምፅ ማጉያ ሥር የሚሠራ ልጅ ድምፁን ለምጃለሁ ይላል፤ ጆሮው ግን ከመጎዳት አልዳነም። ጆሮን መንከባከብ አብዛኛው መቀነስ ነው። ከዚያ በኋላ የሚሰማው ድምፅ የራሱን ውበት ያገኛል። በገና ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። አሥሩ አውታሮች ከድልድዩ ጋር በሚገናኙበት ቦታ እንዚራ የሚባሉ ትንንሽ የቆዳ ቁራጮች ይገባሉ፤ ያ የሚያጓራው፣ ደረት ውስጥ የሚገባው ድምፅ የሚወለደው እዚያ ነው። ከሁሉ ይልቅ የሚሰማው በሑዳዴ ነው። ዓመቱን ሙሉ ከየሱቁ ቢጮህ ኖሮ በጥቂት ዓመት ውስጥ ማንም ቀና ብሎ የማያዳምጠው ድምፅ ይሆን ነበር።

ስለ ዓይን ብዙ አልልም፤ የዛሬ ኑሯችን ለዓይን የሚሰጠው ከበቂ በላይ ነው። አንድ ጥናት ብቻ፦ ሮጀር ኡልሪክ እ.ኤ.አ. በ1984 ባሳተመው ጥናት ፔንሲልቬንያ በሚገኝ አንድ ሆስፒታል ውስጥ የሐሞት ከረጢት ቀዶ ጥገና የተደረገላቸውን ሰዎች መዝገብ አነጻጸረ። መስኮታቸው ወደ ዛፎች የሚያይ ሕመምተኞች ወደ ጡብ ግድግዳ ከሚያዩት ቀድመው ወጡ፤ ጠንካራ ማስታገሻም ያነሰ ወሰዱ። ዛፍ ደግሞ ከግድግዳ የሚለየው ንፋስ ሲመጣ፣ ፀሐይ ስትዞር፣ ወፍ ሲያርፍ መለዋወጡ ነው። ይህ የኔ ግምት እንጂ የኡልሪክ ቃል አይደለም።

ይህ ሁሉ የሚሠራው ግን ደስታን የሚቀበለው ክፍል ጤነኛ ሲሆን ነው። ድብርት የያዘው ሰው አፍንጫው ያሸታል፤ ምላሱ ይቀምሳል፤ ቡናው ሲቆላ ቡና መሆኑን ያውቃል፤ ደስ የሚለው ነገር ግን ይጠፋበታል። ለሱ ጾም ጾሞ መፍሰክም፣ ፍልውኃም፣ ቅርንፉድ ማሽተትም መልስ አይሆኑም፤ «ትንሽ ተዝናና» የሚሉት ወዳጆች ሳያስቡት ጥፋተኛ ያደርጉታል። ቀድሞ ያስደስት የነበረው ሁሉ ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ደስታው ከጠፋ፣ እንቅልፍና የምግብ ፍላጎት አብሮ ከተዛባ፣ የሚኬደው ወደ ሐኪም ነው፤ አዲስ አበባ ላለ ሰው አማኑኤል ሆስፒታል አለ፤ ሌላ ቦታ ላለም በቅርብ ያለው ጤና ጣቢያ መነሻ ይሆናል። አብሮት የሚሄድ ሰው ካገኘ ደግሞ ይበልጥ ይቀለዋል።